ሁለት ጊዜ ከሳሁ፤ ጡንቻዬ የተረፈው በሁለተኛው ነው

በ2014 ዓ.ም. በአራት ወር 15 ኪሎ ቀነስኩ፤ ከ91 ወደ 76። ሚዛን ላይ ስወጣ ደስ ይለኛል፣ መስታወት ፊት ስቆም ደስታው ይጠፋል። ቦርጬ እንደ ለሰለሰ እዚያው አለ። የሄዱት ትከሻዬና ክንዴ ናቸው። እናቴ ልትጠይቀኝ ሐዋሳ ድረስ መጥታ ገና በሩን ስከፍትላት «ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው? ሐኪም ዘንድ ሄደሃል?» አለችኝ። ጤነኛ መሆኔን ብነግራትም አላመነችኝም። ዛሬ ሳስበው ትክክል ነበረች።

ያኔ ያደረግኩት ብዙ ሰው የሚያደርገውን ነው። ቁርስ ተውኩ፣ እራቴን ሻይና ዳቦ አደረግኩት፣ በየማለዳው ታቦር ተራራን እሮጥ ነበር። የምሠራበት ጂም አሰልጣኝ «ስብ ለማቅለጥ ከባድ ብረት ምንም አያደርግልህም፤ ቀለል አድርገህ ብዙ ጊዜ ግፋ» አለኝ። ልጁ ክፉ አስቦ አልነበረም፤ ለእሱም እንደዚያ ነው የነገሩት። ከዚያ በፊት 85 ኪሎ ተሸክሜ ስድስት ጊዜ ስኳት (ቁጭ ብድግ) እሠራ ነበር። በአራተኛው ወር መጨረሻ 55 ኪሎ ጉልበቴን አንቀጠቀጠው። የስብ ብቻ ሳይሆን የጡንቻም ኪሳራ እንደነበር የነገረኝ ይህ ቁጥር ነው፤ ሚዛኑማ ሁለቱን አንድ ላይ ደምሮ ነው የሚያሳየው። ከዚያ በኋላ መብላት ስጀምር ኪሎው በዓመት ተኩል ውስጥ ከነወለዱ ተመለሰ፤ 92.4። የተመለሰው ግን የጠፋው ጡንቻ አልነበረም።

የሒሳብ መምህር ነኝ። ሁለተኛውን ሙከራ ስጀምር በደብተር ይዤ ጀመርኩ፤ ከዚህ በታች የምጽፈው ከዚያ ደብተር ነው። ስብ ማጣት ፈልገው ጡንቻቸውን ለሚያጡ ሰዎች ነው የምጽፈው፤ በተለይ እንደ እኔ ለሚጾሙና ከቤተሰብ ጋር ከአንድ ትሪ ለሚበሉ።

በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ልበል። ሰውነት ከሚያወጣው ያነሰ ሲገባለት ጉድለቱን ካጠራቀመው ይሞላል። ስብ አለው፣ ጡንቻም አለው፤ ከሁለቱም ይወስዳል። ጡንቻ ዝም ብሎ ተቀምጦም ቀለብ የሚፈልግ ነገር ስለሆነ፣ ሥራ ፈቶ ከተገኘ ሰውነት ማቆየቱ አይታየውም። ከባድ ብረት የሚያነሳ ሰው ጡንቻውን ሥራ ላይ አድርጎታልና በቀላሉ አይነካበትም። የሚጠገንበት ፕሮቲን ደግሞ በየቀኑ ከምግብ መምጣት አለበት። እኔ በ2014 ብረቱን አቀለልኩ፣ ፕሮቲኑንም አብሬ ቆረጥኩ። ለጡንቻዬ የሚከራከርለት ምንም አልተውኩም።

ሁለተኛውን የጀመርኩት ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ጥር 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ምንም አልቀነስኩም፤ የምበላውን እንደ ወትሮው እየበላሁ መጻፍ ብቻ። አንዲት የወጥ ቤት ሚዛን ገዛሁ። ባለቤቴ የምትጋግረውን አንድ ሙሉ የጤፍ እንጀራ ስመዝነው 360 ግራም ሆነ፤ ከ500 ካሎሪ በላይ ነው። እኔ ደግሞ ምሳ ላይ አንድ ተኩል፣ እራት ላይ አንድ እየበላሁ «ብዙም አልበላም እኮ» እል ነበር። እንጀራን ግን ጠላት አታድርጉት። ጤፍ ፕሮቲንም አለው፤ በአንዱ እንጀራ ውስጥ ከ15 ግራም በላይ ይገኛል። ሆድም ይይዛል። ለእኔ ትልቁ ነገር እንጀራው ሳይሆን ዘይቱ ነበር።

ዘይትን በደንብ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ካርቦሃይድሬት 4 ካሎሪ ሲሰጥ አንድ ግራም ስብ 9 ይሰጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው። ባለቤቴ ወጥ ስትሠራ ዘይቱን ከጄሪካኑ በዓይኗ መጥና ነበር የምታፈሰው፣ እናቷም እንዲሁ። አንድ ቀን «እስኪ መጀመሪያ በብርጭቆ ላይ ቅጂልኝ» ብዬ መዘንኩት። ወደ 100 ግራም። ለአራት ሰው በሚበቃ አንድ ድስት ሽሮ ውስጥ 900 ካሎሪ ከዘይት ብቻ! ተነጋገርን። ወጥን ያለ ዘይት ብላ ቢሉኝ እኔም እምቢ እላለሁ፤ ሽንኩርቱ መቁላላት አለበት። የደረስንበት መፍትሔ ሽንኩርቱን መጀመሪያ በራሱ ውኃ ቀስ ብሎ ማብሰል፣ ሲደርቅ ጠብ ጠብ እያደረጉ ውኃ መጨመር፣ መጨረሻ ላይ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ ማቁላላት ነው። ጊዜ ይፈጃል። ጣዕሙ ግን አልጎደለም፤ ልጆቹ ለውጡን አላወቁትም።

ከአንድ ትሪ መብላትስ? ይህ ሲከብደኝ ቆይቷል። የራሴን ሳህን ይዤ ጥግ መቀመጥ ቤቱን ያቀዘቅዛል፤ ሞክሬው ልጄ «አባዬ ተቆጥተኸን ነው?» አለችኝ። ስለዚህ ገበታውን ሳልለቅ ግማሽ እንጀራዬን አስቀድሜ መዝኜ በእኔ በኩል አስቀምጣለሁ። ወጡ በፊቴ ይወጣል፤ ያ ሲያልቅ እጄን እታጠባለሁ። ጉርሻ አልከለከልኩም፣ ከሰጡኝ እጎርሳለሁ። በቀን አንድ ሁለት ጉርሻ ሒሳብ አያፈርስም።

ሒሳቡ ይህ ነው። ክብደቴ ሳይጨምርና ሳይቀንስ የሚያቆየኝ 2,600 ካሎሪ ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ ይህን ያወቅኩት ሁለቱን ሳምንታት እየመዘንኩ ስለጻፍኩ ነው። ከእሱ ላይ 500 ቀነስኩ። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይይዛልና በቀን 500 ጉድለት በሳምንት ግማሽ ኪሎ አካባቢ ያወርዳል። በ2014 በሳምንት አንድ ኪሎ የሚጠጋ ነበር የምወርደው፤ ያ ፍጥነት ብረት አቅልሎ ፕሮቲን ለቆረጠ ሰው ጡንቻ የሚያስበላ ነው። ፕሮቲን ደግሞ ልደርስበት ለምፈልገው 80 ኪሎ በየኪሎው 1.6 ግራም አሰብኩ፤ 130 ግራም አካባቢ። መጀመሪያ ሳየው ሊሆን የማይችል ቁጥር መሰለኝ።

እንዲሆን ያደረገው ሐይቁ ነው። ሐዋሳ ተቀምጦ በፕሮቲን መቸገር ይከብዳል። ጠዋት አሞራ ገደል፣ የዓሳ ገበያው ብትሄዱ ቆሮሶ የሚባለው ዓሳ ከጀልባ ወርዶ እፊታችሁ ይገፈፍላችኋል። መቶ ግራም የቆሮሶ ሥጋ 20 ግራም ፕሮቲን አለው፤ ስቡ ከ2 ግራም አይበልጥም፤ ካሎሪው መቶ አይሞላም። እንዲህ ያለ ምግብ የትም ብትፈልጉ አታገኙም። ችግሩ አጠባበሱ ነው። ሙሉውን ዓሳ ዘይት ውስጥ ነክሮ መጥበስ ከመቶ በታች የነበረውን ካሎሪ እጥፍ ያደርገዋል። እኔ አጥንቱ የወጣለትን ገዝቼ ቤት እወስዳለሁ፤ በሽንኩርት፣ በቲማቲምና በቃሪያ፣ በአንድ ማንኪያ ዘይት ጉላሽ ይሠራል። 250 ግራም ዓሳ በአንድ ገበታ 50 ግራም ፕሮቲን ነው። የቀረው ይሞላል፦ ጠዋት ሦስት እንቁላል 18 ግራም፣ ግማሽ ሊትር ወተት 16፣ ምሳ ዕቃዬ ውስጥ ወፈር ያለ ምስር በግማሽ እንጀራ 23 ገደማ፣ እራት ላይ ሌላ ግማሽ እንጀራ ከሽሮ ወይም ከጥቂት ቀይ ሥጋ ጋር።

ስለ አቮካዶ ጭማቂ ሳልናገር አላልፍም። የሲዳማ አቮካዶ ጥሩ ምግብ ነው፣ ሐዋሳ ውስጥም ከእሱ የሚሻል ጁስ የለም። ነገር ግን በማንኪያ የሚበላ ወፍራም አንድ ብርጭቆ ከነስኳሩ 300 እና 400 ካሎሪ ሊደርስ ይችላል፤ ከግማሽ እንጀራ በላይ ማለት ነው። ከጂም ወጥቼ «ጤናማ ነገር ልጠጣ» ብዬ የደከምኩበትን ሁሉ እዚያው እመልሰው ነበር። አሁን ግማሽ አቮካዶ በሎሚና በጨው ቤት እበላለሁ። ቆጮም እንዲሁ ነው፤ ሆድ ይሞላል፣ ፕሮቲኑ ግን እጅግ ትንሽ ስለሆነ አጠገቡ ሥጋ ወይም አይብ ያስፈልገዋል። ጎረቤቶቻችን ለፍቼ ጫምባላላ፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ሲጠሩን ግን ቡርሳሜውን፣ ያንኑ ቆጮ በቅቤው ሳልቆጥር እበላለሁ። የዓመት በዓል ምግብ ደብተር ውስጥ አይገባም።

ወደ ብረቱ ልመለስ። በሳምንት ሦስት ቀን፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ። ቀኖቹን የመረጥኩት ረቡዕና ዓርብ ስለምጾም ነው፤ ከባዱን ሥራ በደንብ በበላሁበት ቀን ለማድረግ። በእያንዳንዱ ቀን መላ ሰውነት፦ ስኳት ወይም ዴድሊፍት (ብረቱን ከመሬት ማንሳት)፣ ቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተጋድሞ ብረት መግፋት) ወይም ከትከሻ ወደ ላይ መግፋት፣ ከዚያ ፑል አፕ (ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ) ወይም ጎንበስ ብሎ ባሩን፣ የብረቱን ዘንግ ወደ ሆድ መሳብ። ከአምስት እስከ ስምንት ድግግሞሽ፣ ሦስት ወይም አራት ዙር፣ በዙሮቹ መካከል ሁለት ሦስት ደቂቃ ዕረፍት። አንድ ወይም ሁለት መድገም እንደሚቀረኝ ሲሰማኝ አቆማለሁ፤ በጉድለት ላይ ያለ ሰው እስኪወድቅ ቢገፋ የሚያገግምበት ቀለብ የለውም። አንድ ሰዓት አይሞላም።

ሚዛኑንና ደብተሩን ጎን ለጎን ማንበብ ነው ቁም ነገሩ። ሚዛን በየማለዳው ከሽንት ቤት መልስ፣ ከቁርስ በፊት እወጣለሁ፤ የምመለከተው ግን የሰባቱን ቀን አማካይ ነው። የወገቤን ዙሪያ እንብርት ላይ በልብስ ሰፊ ሜትር በየሁለት ሳምንቱ እለካለሁ። ከዚያ ብረቱ። ኪሎ ወርዶ፣ ወገብ ጠቦ፣ ብረቱ ባለበት ከቆመ የሄደው ስብ ነው። ኪሎ ወርዶ ብረቱም በሁሉም እንቅስቃሴ ለሁለት ሳምንት ከወረደ የሆነ ነገር ተበላሽቷል፤ ወይ በፍጥነት እየወረዳችሁ ነው፣ ወይ ፕሮቲን ጎድሏል፣ ወይ አትተኙም። እኔ ጋ አንዴ የሆነው ሦስተኛው ነው። የፈተና ወረቀት ሳርም አሥር ቀን በአምስት ሰዓት እንቅልፍ ቆየሁ፤ ምግቤ አልተለወጠም፣ ቤንቼ ግን 5 ኪሎ ወደ ኋላ ሄደ። እንቅልፌን ስመልስ ተመለሰ።

የመጀመሪያው የመቀነስ ሳምንት እንዳያታልላችሁ። እኔ 1.6 ኪሎ ወረድኩ፤ አብዛኛው ውኃ ነው። ጡንቻና ጉበት ውስጥ የሚቀመጠው የካርቦሃይድሬት ስንቅ እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል፤ እንጀራ ሲቀነስ ሁለቱም አብረው ይወጣሉ። ከበዓል ማግስት ሁለት ኪሎ ብትጨምሩም ያው ውኃ ነው፤ አትደንግጡ፣ ለቅጣትም አትጹሙ።

እስከ የካቲት መጨረሻ 88.2 ደረስኩ። ከዚያ መጋቢት 2 ዐቢይ ጾም ገባ።

ይህን ክፍል ከሁሉም በላይ ልጽፈው የፈለግኩት፣ ያኔ የፈለግኩትን ምክር በአማርኛ ስላላገኘሁ ነው። 55 ቀን፤ ሥጋ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ወተት የለም። ዓሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እኛ ከተማ አያልቅም፤ እኔ አልበላም፣ የሚበላ ሰው ሸክሙ በእጅጉ ይቀልለታል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም። ስለዚህ በስድስት ሰዓት ውስጥ ሁለት ገበታ ነው ያለኝ። የሚቻለውን ሁሉ ደመርኩ፦ መቶ ግራም ደረቅ ምስር 25፣ ሰማንያ ግራም የሽምብራ ሽሮ 16፣ ተቆልቶ ተፈጭቶ ሽሮው ውስጥ የሚገባ ሃምሳ ግራም አኩሪ አተር 18፣ አንድ እፍኝ ለውዝ 10፣ አንድ ተኩል እንጀራ 25 ገደማ። ጥራጥሬው የሚጎድለውን ዓይነት ፕሮቲን ጤፉ ያሟላለታል፤ እናቶቻችን ሽሮን በእንጀራ ያበሉን በከንቱ አይደለም። ቢሆንም ድምሩ ከመቶ ግራም እምብዛም አያልፍም። 130 ለመድረስ ብሞክር ሆዴ ይነፋል፣ ካሎሪውም ያልፋል።

ስለዚህ ዕቅዱን ለጾሙ አስገዛሁት። ለስምንቱ ሳምንታት ክብደት መቀነስን ተውኩ ማለት ይቻላል፤ ጉድለቱን ወደ 100 እና 150 ካሎሪ አወረድኩ። ሥራውን ከዘጠኝ ሰዓቱ ምግብ በኋላ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አደረግኩ፤ ከጂም ስመለስ አንድ ሰዓት ላይ እራት። በባዶ ሆድ ከባድ ስኳት መሸከም በመጀመሪያው ማክሰኞ ሞክሬ ዓይኔ ጨለመብኝ፤ አትሞክሩት። ዙሮቹን ከአራት ወደ ሁለት ቀነስኩ፤ ባሩ ላይ ያለውን ኪሎ ግን አንድም አልነካሁም። ይህቺ ናት ከአሰልጣኙ ምክር ተቃራኒዋ። ምግብ ሲያጥር የሚቀነሰው የዙሩ ብዛት ነው፤ የብረቱ ክብደት መጨረሻ ላይ ነው የሚነካው። ያለውን ጡንቻ ለማቆየት የሚያስፈልገው ሥራ፣ አዲስ ለመገንባት ከሚያስፈልገው በጣም ያንሳል። የትንሣኤ ዋዜማ 87 ኪሎ ነበርኩ፣ ስኳቴ መጋቢት 1 በነበረበት በ90 ኪሎ አምስት ጊዜ። በጾም ወራት መንፈሴም ወደ ጾሙ ሄደ፤ ሚዛን ሲያስጨንቀኝ የከረመበት ጊዜ ሆኖ አላለፈም፤ ለዚህም አመሰግናለሁ።

ከፋሲካ በኋላ ያለው በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾምበት ለዚህ ሥራ በዓመቱ ውስጥ ምርጡ ጊዜ ነው። የፋሲካን ሳምንት ዶሮውን ከቤተሰቤ ጋር በላሁ፣ ከዚያ ጉድለቱን ወደ 500 መለስኩ። የዚያን ወቅት ታሪክ አላረዝምም፤ ዓሳ፣ እንቁላል፣ ብረት፣ እንቅልፍ ነው። ማታ ማታ ከባለቤቴ ጋር እስከ ፍቅር ሐይቅ አርባ ደቂቃ በእግር እንሄዳለን። ሩጫ አልጠላም፤ ግን ከባድ ሩጫ ከስኳቱ ጋር ለአንድ እግር ሲሻማ በ2014 አይቼዋለሁ። የእግር ጉዞ ያንን አያደርግም።

ሐምሌ 30 ቀን 80.8 ኪሎ። ወገቤ ከ104 ወደ 89 ሴንቲ ሜትር። ሱሪዬን ሁለት ጊዜ አስጠብቤ በሦስተኛው ሰፊው «አዲስ ግዛ ቲቸር፣ ኪሶቹ ኋላ ተገናኙ» አለኝ። ቤንች 70 ኪሎ ስምንት ጊዜ ጀምሬ 72.5 ስምንት ጊዜ ጨረስኩ። ፑል አፕ ከሦስት ወደ ዘጠኝ ወጣ፤ የማነሳው ገላዬ ስለቀለለ ነው። ቀጥሎ ፍልሰታ ስለነበር መቀነሱን እዚያ ላይ አቆምኩ።

ጥቂት ነገሮች ልጨምር። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ፣ ነፍሰ ጡሮችና የምታጠቡ ከሆናችሁ ምግብ ከመቀነሳችሁ በፊት ሐኪም ያስፈልጋችኋል፤ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰውም ሐኪሙን ሳያማክር ፕሮቲን መጨመር የለበትም። በጂሞች ውስጥ በእጅ የሚዞሩ «ስብ አቅላጭ» እንክብሎችንና መርፌዎችን አትንኩ። ምን እንዳለባቸው የሚሸጠውም ሰው አያውቅም፤ ልብና ጉበት የሚጎዱ ነገሮች ይገቡባቸዋል። የፕሮቲን ዱቄት መጥፎ ነገር አይደለም፤ እኔ ግን ዋጋውን ከቆሮሶው ጋር አስተያይቼ ተውኩት። ጂም የመክፈል አቅም የሌለው ሰው በሲሚንቶ የተሞላ ጣሳ ከብረት ዘንግ ጋር አስሮ፣ ቦርሳ ውስጥ ድንጋይ ጨምሮ ፑሽ አፕና ፑል አፕ ቢሠራም ሕጉ ያው ነው፤ በየጊዜው የሚከብድ፣ የሚጻፍ።

ፍልሰታ ካለፈ በኋላ ምግቤን በየሳምንቱ 100 ካሎሪ እየጨመርኩ 2,500 ላይ አደረስኩት፤ ከስምንት ሳምንት በኋላ 81.5 ላይ ቆሜ ነበር። እናቴ መስከረም ላይ መጣች። በሩን ስከፍትላት ክንዴን ያዝ አድርጋ ትንሽ ቆየችና «አሁን ደህና ነህ» አለችኝ። እራት ላይ ግማሽ እንጀራዬን ስመዝን አየች፤ ሚዛኑን ከእጄ ወስዳ እስከ ማታ የቤቱን ሽንኩርት ሁሉ ስትመዝንበት አመሸች።